አጥር ላይ የሚቆም ጥበቃ

በሰሜን ምዕራብ ሚኒሶታ፣ በሰሜን ዳኮታና በካናዳዋ ማኒቶባ ጨፌዎች ከሰኔ አጋማሽ በኋላ የምታብብ አንዲት ነጭ ኦርኪድ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ፕላታንቴራ ፕሬክላራ ሲሆን፣ የታችኛው የአበባዋ ቅጠል በሦስት ተከፍሎ ጫፉ እንደ ነጠላ ዘርፍ ስለተተለተለ ባለዘርፍ ትባላለች።

ከምሥራቃዊት እህቷ ተለይታ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1986 ብቻ ነው። ሁለቱን ለመለየት አበባው ወደ ኋላ የሚያወርደውንና ጣፋጭ ፈሳሽ የሚቋጥረውን ረጅም ቱቦ ማየት ይጠቅማል፤ የዚህችኛዋ፣ የምዕራቧ፣ ቱቦ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚጠጡት በሌሊት ሽታዋን ተከትለው የሚመጡ፣ ምላሳቸው እጅግ የረዘመ ትልልቅ የእሳት እራቶች ናቸው። የምሥራቋ ብናኝ በእሳት እራቱ ምላስ ላይ ሲጣበቅ የምዕራቧ ግን በዓይኑ ላይ ይጣበቃል፤ ሁለት ዝርያዎች ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ የሚያሳምነኝ ማስረጃ የለም።

ከሚኒሶታ የጥንት የሣር ሜዳ የቀረው ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ሌላው ታርሷል፣ ውኃውም በቦይ ተንጠፍጥፏል። የአሜሪካ መንግሥት ኦርኪዷን እ.ኤ.አ. በ1989 ስጋት ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ ቢያስገባትም፣ ሕጉ እንስሳን በማንም መሬት ላይ ሲጠብቅ ተክልን ግን በአብዛኛው በፌዴራል መሬት ላይ ብቻ ይጠብቃል። ባለርስቱ በራሱ ማሳ ያለችውን ቢያርሳት የሚጠይቀው የለም፤ የሚኒሶታ ሕግም ቢሆን የእርሻ መሬትን ነፃ አድርጓል። እግር የሌለው ፍጡር ሸሽቶ ከአጥር ማለፍ ስለማይችል፣ በእኔ እምነት ጥበቃው መገላበጥ ነበረበት።

ቆጠራውም ያዘናጋል። ኦርኪዷ በየዓመቱ ስለማታብብ፣ ዘንድሮ ያልታየችው ሞታ ይሁን ከመሬት በታች አድፍጣ በቀላሉ አይታወቅም። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀና ስንቅ የሌለው በመሆኑ አፈር ውስጥ ተስማሚ ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም፤ ስለዚህ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል መፍትሔ ይሆናል ብዬ አላምንም።

የሚበጀው አጨዳውን ማዘግየት ነው። ሜዳው ለድርቆሽ በሐምሌ ሲታጨድ፣ እስከ መስከረም ግድም የማይበስለው ዘር አብሮ ይሄዳል። አጨዳው በዘገየ መጠን ግን ድርቆሹ ስለሚጠነክርና ዋጋው ስለሚወርድ፣ ገበሬው ለአበባ ሲል እንዲከስር ከመለመን ይልቅ ልዩነቱን የመንግሥት በጀት ሊከፍለው ይገባል።