ማሪዮ በስልክ ሊመጣ ነው፤ የደሴ ልጅስ እንዴት ይጫወተው?

ይህን የምጽፈው በታኅሣሥ 2009 መጀመሪያ ነው። ሰሞኑን እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ጌም የሚወድ ሰው ሁሉ ወሬው አንድ ነው። ማሪዮ፣ ያ ባለ ቀይ ኮፍያው የቪዲዮ ጌም ጀግና፣ በስልክ ሊመጣ ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2009፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 15 ቀን 2016፣ "ሱፐር ማሪዮ ራን" የሚባለው ጌም በአይፎንና በአይፓድ ይለቀቃል። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ ኒንቴንዶ ማሪዮን በስማርት ስልክ ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔም በጉጉት እየጠበቅሁ ነው። ግን ጉጉቴ ሙሉ አልሆነልኝም። ማሪዮን ያስወደደችኝ ደሴ ናት፤ ደሴ ደግሞ ለዚህኛው ድግስ የተጠራች አልመሰለኝም።

ወሬው የተሰማው ጳጉሜን 2 ነበር፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ። አፕል አዲሱን አይፎን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲያስተዋውቅ የማሪዮ ፈጣሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ ራሱ መድረክ ላይ ወጣና ጌሙን አሳየ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ በፊት ነሐሴ ላይ የሪዮ ኦሎምፒክ ሲዘጋ የያኔው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ የማሪዮን ቀይ ኮፍያ አድርገው ስታዲየሙ መሀል ብቅ ብለው ነበር። ያየ ያስታውሰዋል። አገር መሪ የሚለብሰው ገጸ ባሕርይ ሆኗል ማለት ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ማሪዮ ራሱ ይሮጣል፤ የተጫዋቹ ሥራ ስክሪኑን መንካት ብቻ ነው። ነካ ሲያደርጉት ይዘላል፣ ያዝ ሲያደርጉት ከፍ ብሎ ይዘላል። ሁሉም በአንድ እጅ ነው። ባቡር ላይ ቆሞ በአንዱ እጁ ብረቱን ለያዘ ሰው የታሰበ ነገር ነው። እዚህ አገር ሰው ጊዜ የሚያገኘው መንገድ ላይ ስለሆነ አስበውበታል፣ እሱን አደንቃለሁ።

እኛ ማሪዮን ያወቅነው በሌላ መንገድ ነው። ሸዋ በር አካባቢ አንድ ጌም ቤት ነበረች። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ቲቪ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ማሽኑ ባለቤቱ እንደሚለው ከጅዳ የመጣ ነው። ኒንቴንዶ የሚባል ነገር ሰምተን አናውቅም፤ ለካ ያ ማሽን የኒንቴንዶ እንኳ አልነበረም፣ እሱን አስመስለው ከሠሯቸው ርካሽ ቅጂዎች አንዱ ነው። ካሴቱ ላይ 9,999 ጌም አለው ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ውስጡ ያሉት ግን ጥቂት ሆነው ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። ማንም ግድ አልነበረውም። እኛ የምንፈልገው አንዱን ነው።

ካሴቱ እንቢ ሲል ይወጣና እፍ እፍ ይባላል፣ ከዚያ በመዳፍ ጠረግ ተደርጎ ይመለሳል። ስሙኒ የከፈለው ይጫወታል፣ ያልከፈለው ደግሞ ያዛል። አንዱ ጆይስቲኩን ይይዛል፣ ዐሥሩ ከኋላ ሆኖ ይጮሃል። "ዝለል!" "አሁን አይደለም፣ ቆይ!" "ኧረ እንጉዳዩን ብላ!" ነፍስ ሲያልቅበት የተጫወተው ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ይቆጫል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ጉድ ነው፣ ማሽኑ ምንም ነገር ስለማያስቀምጥ ስምንተኛው ዓለም የደረሰ ልጅ ከአንድ ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ይገርመኛል። በሁለተኛው ሌቭል፣ ከመሬት በታች ባለው፣ ከጡቡ ጣራ በላይ ወጥቶ እስከ መጨረሻው ከሮጡ ሦስት ቧንቧዎች የተደረደሩበት ክፍል ይገኛል። በአንዱ ከገቡ በቀጥታ ወደ አራተኛው ዓለም ይወስዳል። ይህን ምስጢር አሜሪካ ያሉ ልጆች ከመጽሔት አንብበው ነበር ያወቁት። ደሴ መጽሔት የለ፣ ኢንተርኔት የለ። ግን ሁሉም ልጅ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ የመጣ አንዱ ለሆጤ ልጅ ነገረው፣ የሆጤው ልጅ ለሰፈሩ ነገረ፣ ክረምት ሐይቅ ወይም ወልዲያ ዘመድ ጋ የሄደው ደግሞ እዚያ አደረሰው። ጌሙም እውቀቱም ከእጅ ወደ እጅ ነው የሄደው።

ለዚህ የረዳው የጌሙ አሠራር ራሱ ነው። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በ1985 እንደ ፈረንጆቹ ሲወጣ መጠኑ 40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶ በብዙ እጥፍ ያንሳል። በዚያች ቦታ ውስጥ 32 ሌቭል ከነሙዚቃው አስገብተዋል። ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ደመናውንና ቁጥቋጦውን አንድ ሥዕል አድርገው ቀለሙን ብቻ ቀይረውታል። እንግሊዝኛ ማንበብም አይጠይቅም። ሲጀምር ያቺ እንጉዳይ መሳይ ፍጥረት ወደ ማሪዮ ትመጣለች፣ ካልዘለልክ ትሞታለህ፣ ከዘለልክባት ትሞታለች፣ በቃ ትምህርቱ አለቀ። ኪዮቶ የተሠራ ነገር ሸዋ በር ላይ ያለ አስተማሪ የገባን ለዚህ ነው። ትልቅ ጥበብ ነው ብዬ ነው የማምነው።

አሁን ወደ አዲሱ ልምጣ። ከሰሞኑ እንደተነገረው ሱፐር ማሪዮ ራን ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ለብቻ ለሚጫወት ሰውም ቢሆን። ሚያሞቶ ምክንያቱን ሲጠየቅ ከጠቀሳቸው አንዱ ጌሙን ያለ ክፍያ ከሚገለብጡ ሰዎች መጠበቅ ነው። ይገባኛል። የደከመ ሰው የላቡን ማግኘት አለበት፣ እኛም በቅጂ ማሽን ያደግን ሰዎች ይህን ብንክድ አያምርብንም። ግን መፍትሔው ልክ አይደለም። በዚህ በ2009 እዚህ ዋሽንግተን እንኳ የምድር ውስጥ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ኔትወርክ ብዙ ቦታ ይቆረጣል። ባቡር ላይ ለሚጫወት ሰው ተብሎ የተሠራ ጌም ባቡር ውስጥ ሊቆም ነው። እዚህ እንዲህ ከሆነ እዚያስ?

እዚያማ ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ በ2009 ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር ተያይዞ የሞባይል ዳታ በአብዛኛው አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ሰላም በሆነበት ጊዜም ቢሆን የደሴ ልጅ ዳታውን እንደ ሁልጊዜ ክፍት ነገር አይቆጥረውም። ከፍቶ መልእክቱን ያያል፣ ይመልሳል፣ ወዲያው ይዘጋል። ካርድ እንዳይበላበት ነው። ጌም ለአንድ ሰዓት ዳታ ከፍቶ መጫወት የሚባል ነገር በሐሳቡም የለም።

ታናሽ የአጎቴ ልጅ ደሴ ነው፣ ኮሌጅ ይማራል። እሁድ ስደውልለት ስለ ማሪዮ ነገርኩት፣ ሰምቶ ኖሯል።

"ጋሼ፣ እና ሲወጣ በዜንደር ይላካል አይደል?" አለኝ። ዜንደር ፋይልን ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ የምታስተላልፍ አፕ ናት።

ያለ ኢንተርኔት እንደማይከፈት፣ ለጊዜውም ለአይፎን ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "አብሽር ጋሼ፣ ያለውን እንጫወታለን" አለኝ። እኔን ማጽናናቱ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም።

ዜንደር ያላት ቦታ ውጭ ላለን ሰዎች በደንብ የሚታየን አይመስለኝም። አንዱ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ የሚፈልገውን አፕ ያወርዳል፣ ወይም ሞባይል ቤት ከፍሎ ከኮምፒውተር ያስጭናል። ከዚያ ያች አፕ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ምንም ዳታ ትሄዳለች። ከደሴ የጫነ ልጅ ባቲ ሰኞ ገበያ ሲወርድ ለሦስት ለአራት ሰው ያካፍላታል፣ ከዚያ ከሚሴ ትደርሳለች፣ ከዚያ የት እንደምትሄድ ማን ያውቃል። ያ የድሮው ካሴት በሌላ መልክ ነው። እዚህ አገር አፕ ከመደብሩ ወደ አንድ ሰው ይወርዳል፣ እዚያው ይቀራል። እዚያ ግን አንድ አፕ የሰፈር ንብረት ነው። ይህን ባሕርይ ያላወቀ ጌም ወሎ አይገባም።

ስልኩም ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አይፎን ደሴ የለም አልልም፣ አለ። ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከቤይሩት እህቶቻችን የሚልኩት አለ። የወሎ ዲያስፖራ ሲባል እኮ ከእኛ ከዋሽንግተኖቹ ይልቅ እነሱ ናቸው የቤቱ ምሰሶ። ግን አብዛኛው ልጅ እጅ ላይ ያለው ቴክኖ ነው፣ ሳምሰንግ ነው፤ ሁሉም አንድሮይድ። ለአንድሮይድ ደግሞ "በኋላ" ተብሏል እንጂ እስከ ታኅሣሥ 2009 መጀመሪያ ድረስ ቀን አልተቆረጠም።

ዋጋው 9.99 ዶላር ነው፣ በታኅሣሥ 2009 የባንክ ምንዛሪ ከ220 ብር በላይ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌቭሎች በነፃ ናቸው። ዋጋውን በተመለከተ ብዙዎች እዚህ ተወደደ ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ፣ እኔ አልስማማም። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር ክቡር ነው። ልጆቻችን የሚጫወቷቸው "ነፃ" ጌሞች በየደቂቃው አልማዝ ግዛ፣ ነፍስ ግዛ እያሉ የወላጅ ካርድ ሲያራቁቱ አይቻለሁና። ችግሩ ሌላ ነው። 220 ብሩን አጠራቅሞ የያዘ የደሴ ልጅ በምን ይክፈል? ዶላር የሚያወጣ ካርድ ከየት ያምጣ? ገንዘቡ እያለው መግዛት የማይችል ሰው አለ ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም።

የሚቻል ነገር ባይሆን ዝም እል ነበር። ግን ባለፈው ወር፣ ኅዳር 2009፣ ይኸው ኒንቴንዶ ሌላ ዕቃ አውጥቷል። የድሮዋን ማሽን አሳንሶ፣ 30 ጌም ውስጧ ጭኖ፣ 60 ዶላር ገደማ አስቀመጠላት። ዋናው ማሪዮም አለባት። ቲቪ ላይ ሰክተህ ትጫወታለህ፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አትጠይቅም። የእኔ ዕድሜ ሰዎች በብርድ ሱቅ ደጃፍ ተሰልፈው ገዟት፣ ወዲያው አለቀች፣ አሁን አትራፊዎች በእጥፍ ይሸጧታል። ስለዚህ ያለ ኔትወርክ መጫወት የሚፈልግ ሰው እንዳለ ኒንቴንዶ ያውቃል ማለት ነው።

አንድሮይዱ ሲመጣ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። አዲሱ ጌም 24 ሌቭል ያለው ዋና ክፍል አለው፣ ከሌላ ሰው ጋር የሚወዳደሩበት ክፍል ደግሞ ለብቻው አለ። ውድድሩ ኢንተርኔት ይጠይቅ፣ ተገቢ ነው። ዋናው ክፍል ግን አንድ ጊዜ መገዛቱን ካረጋገጠ በኋላ ያለ ዳታ ይከፈት። ክፍያውም በስልክ ካርድ የሚሆንበት መንገድ ይፈለግለት።

ለእኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎችም የምለው አለኝ፤ ኮምቦልቻም ደሴም ኮምፒውተር የሚማሩ ጎበዞች አሉና። 40 ኪሎባይት ውስጥ ያን ሁሉ ያስገቡ ሰዎች ከነበሩ እኛ በዜንደር የምትላክ አንዲት ትንሽ ጌም መሥራት አያቅተንም። ሐረጎን አስቡት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል በጠመዝማዛ መንገድ። አንድ ልጅ ከጦሳ ሥር ተነሥቶ ይወርዳል፣ ባጃጁን ይዘላል፣ አይሱዙ ሲመጣ ጥግ ይይዛል፣ ጉም ሲወርድ መንገዱ ይጠፋበታል። አራቱ ቅኝቶቻችን አራት ዓለም ይሁኑ። ትዝታ በደሴ ዝናብ፣ ባቲ በባቲ ገበያ በሙቀቱ በግመሉ መሀል፣ አምባሰል ተራራው ላይ፣ አንቺሆዬ ላሊበላ መዳረሻ። አስቸጋሪው ዓለም አምባሰል ነው የሚሆነው፣ ገደሉን የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮጂ ኮንዶ የደረሰውን የማሪዮ ዜማ ዓለም ሁሉ ያፏጨዋል፤ ባቲን በክራር ከዝላይ ጋር ቢያገጣጥሙት ምን ያህል እንደሚያምር አስቡት እስቲ!

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አሁን፣ በታኅሣሥ 2009 መጀመሪያ፣ በአንድሮይድ "ሱፐር ማሪዮ ራን" ነው ብሎ ፋይል የሚልክላችሁ ካለ አትጫኑት። የአንድሮይዱ ገና ስላልወጣ ያ ፋይል በእርግጠኝነት ሐሰተኛ ነው፤ ስልካችሁን ሊያበላሽ፣ መልእክታችሁን ሊሰርቅ ይችላል። ለታናናሾቻችሁም ንገሯቸው።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ያላችሁና አይፎን ያላችሁ ደግሞ አደራ። ከታኅሣሥ 6 በኋላ ሞክሩትና ጻፉልኝ። ይወርዳል ወይ? በሞባይል ዳታ ይከፈታል ወይስ ዋይፋይ ይፈልጋል? ኔትወርክ ብልጭ ድርግም ሲል ከሌቭሉ መሀል ያስወጣል ወይስ ይታገሣል? አንድ ሰዓት ተጫውታችሁ ስንት ሜጋባይት እንደበላም እዩልኝ። መልሳችሁን ሰብስቤ በእንግሊዝኛ ለኒንቴንዶ የደንበኞች ክፍል እልከዋለሁ። አንድሮይዱ ገና እየተሠራ ስለሆነ አሁን ቢደርሳቸው ይሻላል።