«ሁለቱም ወገኖች» የሚለው ለማን ያደላል?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ በተካሄደ አንድ ውይይት የተጋበዙ ጡረተኛ ዲፕሎማት፣ በዓለም አቀፍ መድረክ «ሁለቱም ወገኖች ይታገሡ» ማለት ለማንም አለማድላት መሆኑን ነግረውን በጭብጨባ ወረዱ። እንግዳ ማክበር ልማዳችን ነውና ያጨበጨበውን አልወቅስም። ይህን በሰሜን ሸዋ ምድር ቆሞ መናገር ግን ድፍረት ነው።

በኦጋዴን የምትገኘውን ወልወልን እንውሰድ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከኢትዮጵያ ወሰን ዘልቆ በሰፈረበት የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ውጊያ ተነሣ። አገራችን ከተባበሩት መንግሥታት በፊት ለነበረው፣ መቀመጫው ጄኔቫ ለሆነው የመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አለች። ነገሩ ሲጓተት ከርሞ ለሽምግልና ኮሚሽን ተመራ፤ ያውም ወልወል የማን መሬት ነው የሚለውን እንዳያነሣ ታግዶ! ዋናው ጥያቄ ከወጣለት በኋላ የቀረውን መዳኘት ምን ይቸግራል? ነሐሴ 28 ቀን ብይኑ መጣ፤ ሁለቱም መንግሥታት ጥፋተኛ አይደሉም። ጨዋ ቃል፣ የተመዘነ ቃል። ሰው ቤት ገብቶ የተኛውንና ባለቤቱን እኩል ነጻ ያወጣ ቃል። በሠላሳኛው ቀን፣ መስከረም 22፣ የሙሶሊኒ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረረን።

ማኅበሩ በኋላ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ማዕቀብ ጥሏል የሚሉኝ አይጠፉም። ጥሏል፤ ነዳጅን አስቀርቶ። የጦር አውሮፕላን በምን እንደሚበር ጄኔቫ ያሉት ጠፍቷቸው ነው? ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚያው ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፤ ሳምንት ሳይሞላ ማዕቀቡ እንዲነሣ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ በ1931 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ዋሻ የተጠለለው ሕዝብ፣ ጣሊያን ራሷ ፈርማ በከለከለችው የመርዝ ጋዝና በጥይት አለቀ።

ዲፕሎማት ቃሉን መምጠን አለበት፤ ይህን አልክድም። ግን መጣኙ ማን ነው? የጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት አሉት፤ አብዛኛውን ረቂቅ ይዘው የሚቀርቡት ግን አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ናቸው። ሌላው ተወካይ ነጠላ ሰረዝ ሲያስተካክል ያመሻል። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ ስትታረድ ይኸው ምክር ቤት ባወጣው መግለጫ የዘር ማጥፋትን ትርጓሜ ከነዝርዝሩ አስፍሮ ስሙን ብቻ ሳይጠራ አለፈ። ለምን ቢባል፣ ስሙ ከተጠራ በስምምነት የተገባ የማስቆም ግዴታ ይከተላል። ይህንንም አለማድላት የሚል ካለ ኪጋሊ ሄዶ ይንገራቸው።