ጉርሻ አይወረወርም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ እጃችን ልቆጣ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል። ለምን እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

አንድ ካፌ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ደህና የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ስልክ ያወራል። ወሬውን ሳያቋርጥ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣበቀና ሁለቴ አጨበጨበ። ጧ! ጧ! አስተናጋጇ ሦስት ጠረጴዛ ርቃ የሌላ ሰው ትእዛዝ ትቀበላለች። ዞር አለች። በአንድ ጣቱ ጠራት። ጣቱን ወደ ራሱ አጠፍ ዘርጋ፣ አጠፍ ዘርጋ። መጣች። ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። የተጨማደደ መቶ ብር ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው። ብሩ ተንከባለለና የስኒው ማስቀመጫ ላይ የፈሰሰ ማኪያቶ ውስጥ አረፈ። ልጅቷ በሁለት ጣቷ አነሳችው። በሽርጧ ጠረገችው። «እሺ ጌታዬ» ብላ ሄደች።

ሰውየው ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ባለጌማ የትም አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ሽማግሌ ወደ ካፌው ገቡ። ያው ሰው ብድግ አለ። ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ጨበጣቸው። ወንበር ሳበላቸው። ያንኑ እጅ ነው የምላችሁ። አሁን ያጨበጨበውን እጅ።

ስለዚህ አናውቅም እንዳትሉኝ። እናውቃለን። በልጅነታችን ዕቃ በግራ እጃችን አቀብለን የተቆነጠጥን ስንቶቻችን ነን? እንግዳ ሲመጣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ፣ ማስታጠቢያውን በግራ፣ ፎጣውን ትከሻችን ላይ አድርገን እጅ ያስታጠብን ልጆች ነበርን። ውሃው እንዳይረጭ ቀስ ብለን እናፈስ ነበር። ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ መስጠት፣ ከትልቅ ሰው በሁለት እጅ መቀበል፣ ሰው ላይ ጣት አለመቀሰር፣ ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን ማወዛወዝ። ይህን ሁሉ ማንም በስልጠና አላስተማረን። ከእናታችን ጓዳ ነው ያመጣነው።

ታዲያ ካፌ ስንገባ የት ነው የምንጥለው?

እኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ። የእጃችን አክብሮት ከሁለት ቦታ ነው የመጣው፤ እኛ ደግሞ መጥፎውን መርጠናል። አንደኛው ከጌታ ደጅ ነው። «እጅ መንሳት» የሚለውን ቃል አስቡት። ጎንበስ ብሎ ማክበር ማለት ነው። ጌታው ፊት ባዶ እጅ አይቀረብምና የሚያዘው ስጦታ «እጅ መንሻ» ይባል ነበር። ዛሬ እጅ መንሻ ሲባል አእምሯችን የሚሄደው ወደ ጉቦ ነው። ይህ እጅ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚዘረጋው። ከበላይ ላለ ሁለት እጅ፣ ከበታች ላለ ጭብጨባ።

ሁለተኛው ከቤት ደጃፍ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ይጣራል። ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ሳይባል ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። የቤቱ ጌታ ራሱ ተነስቶ ያስተናግደዋል። እዚህ ላይ ማን ይበልጣል? ማንም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ተረት የወጣው ከዚህ ቤት ነው። ከምግቡ በፊት የአቅራቢው ፊት። እኔ እጁንም እጨምርበታለሁ።

አገልግሎት የምንለው ነገር ከሁለተኛው ቤት መማር ነበረበት። የተማረው ግን ከመጀመሪያው ነው። ለዚህ ነው አንዱ ሰው በምሳ ሰዓት ካፌ ውስጥ አጨብጭቦ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍለ ከተማ መስኮት ፊት አንገቱን ሰብሮ የሚቆመው። ካፌው ውስጥ ጌታው እሱ ነው፤ መስኮቱ ጋ ጌታዋ ጸሐፊዋ ናት። በየሱቁ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። እኔ ይሄን ጽሑፍ አልወደውም። ንጉሥ የሆነ ሰው ሲያጨበጭብ ምን ታደርጉታላችሁ?

አሁን የኔን ኃጢአት ልናገር። ታክሲ ውስጥ ከፊት ተቀምጬ ነበር። ረዳቱ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ሂሳብ» አለ። እኔ ስልኬን እያየሁ ነው። ሳልዞር ዝርዝሩን በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ለቀቅኩት። ሳንቲሙ ወንበር ስር ተበተነ። ልጁ በዚያ ጥበት ውስጥ ተንበርክኮ ለቀመ። ሲነሳ አልተሳደበም። ረዳቶች ሲሳደቡ እንዴት እንደሚችሉበት ታውቃላችሁ። እሱ ግን እንዲህ ብቻ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እጄን እኮ ዘርግቼ ነበር።»

ይቺ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

እስቲ ስለ ጉርሻ እናውራ። ለአስተናጋጅ የምንተወውን ትርፍ ብር አንዳንዱ ቲፕ ይለዋል። የራሳችን ቃል ግን ጉርሻ ነው። ጉርሻ እንዴት ይሰጣል? እንጀራው በደንብ ይጠቀለላል፣ ወጡ እንዳይንጠባጠብ በጣት ይያዛል፣ የሚጎርሰውን ሰው ፊት ፊቱን እያዩ አፉ ድረስ ይደረሳል። እንቢ ካለም «በሞቴ» ይባላል። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? ወርውሮ ያጎረሰ ሰው ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ታዲያ ስሙን ከማዕድ ወስደን አሰጣጡን ለምን ማዕዱ ላይ ጥለነው መጣን? አስር ብርም ይሁን ሁለት መቶ፣ የተወረወረ ብር ጉርሻ አይባልም።

«ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። ምንም ነውር የለውም። ጃፓን ውስጥ ብዙ ሱቆች ገንዘቡን ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን ትንሽ ሳህን ላይ ነው የሚቀባበሉት። እኛም ጋ ሂሳብ በሳህን ወይም በማህደር ይመጣል፣ ብሩም እዚያው ውስጥ ይገባል። ማስቀመጥ ሌላ፣ መወርወር ሌላ። ብሩን ዘርጋ አድርጎ ማስቀመጥ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር ተፈጥሯል። ብር መወርወሩ ቀነሰ፤ ስልክ ፊት ላይ መደቀን መጣ። «ገብቷል፣ ይኸው!» እንልና ስክሪኑን የገንዘብ ተቀባይዋ አፍንጫ ላይ እንለጥፈዋለን። ገና ሳታነበው እንመልሰዋለን። ፎቶ ላንሳው ስትል ደግሞ «አላመንሽኝም?» ብለን እንቆጣለን። ሥራዋ ነው እኮ። ማታ ሂሳቡ ቢጎድል ከደመወዟ ነው የሚቆረጠው። ስልኩን ወደ እሷ አዙሩት፤ አንብባ እስክትጨርስ ያዙላት።

በጭብጨባ ጉዳይ ትንሽ ልለዝብ። በድሮ ቡና ቤት ጭብጨባ እንደ ደወል ነበር፤ ዛሬም የማይከፋቸው አስተናጋጆች አሉ። ሙዚቃው ጣሪያ በሚነካበት ቤት አንድ አዛውንት ቢያጨበጭቡ አልፈርድም። እኛ ግን አዛውንት አይደለንም፣ ቤቱም ጸጥ ያለ ነው። እጅን ከትከሻ ትንሽ ከፍ አድርጎ ዓይኗን መጠበቅ በቂ ነው። «እስ! እስ!» ማለት ግን ለማንም አልለዝብም። ድመት ነው እንዲያ የሚባለው። በአንድ ጣት መጥራትም እንዲሁ።

አሁን ከመስኮቱ ወዲያ ወዳላችሁት ልዙር። ደስ ብሏችሁ ስታነቡ እንደነበር አውቃለሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ከፊቴ አንድ አባት ነበሩ። ከገጠር የመጡ ይመስላሉ። ተራቸው ሲደርስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ስር ከተቱ። ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው አቀረቡ። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት መሃሉ ሊቀደድ ደርሷል። ሠራተኛው በሁለት ጣቱ ጫፍ ተቀበላቸው፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ። ገረፍ አድርጎ አየና መለሰው። ከዚያ በእስክሪብቶው ክዳን ወደ ኮሪደሩ እየጠቆመ «ሦስት ቁጥር» አለ። እስክሪብቶው ደረጃውንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ ሦስት ቁጥርንም አንድ ላይ ነበር የሚያሳየው። እኒያ አባት መጀመሪያ የሄዱት ሽንት ቤት ነው።

የአውሮፕላን አስተናጋጆች የመውጫ በሮችን ሲያሳዩ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ጣት አይቀስሩም። መዳፋቸውን ዘርግተው ወይም ጣቶቻቸውን ገጥመው፣ ክንዳቸውን አዘንብለው ያሳያሉ። ለጌጥ ብቻ አይደለም። የተዘረጋ መዳፍ ከሩቅ ይታያል፣ አቅጣጫው አይምታታም፣ ማንንም አይወጋም። እናንተም ጋ ኮሪደር አለ፣ በር አለ፣ የተደናገረ ሰው አለ። ሌላው ቢቀር ሰውየው ሽንት ቤት ውስጥ ማህተም አይፈልግም።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የአንድ ማዕከል አገልግሎት መንግሥት «መሶብ» ብሎታል። ስሙን ወድጄዋለሁ። ግን መሶብ ሥርዓት አለው። መሶብ የሚቀርበው እጅ ከታጠበ በኋላ ነው፤ የሚያስታጥበውም ከፊታችሁ ጎንበስ ብሎ፣ ለሁሉም በተራ፣ ከሽማግሌ እስከ ልጅ ነው። ኮምፒውተሩ ይፍጠን፣ ደስ ይለናል። ወረቀቱን የሚመልስልን እጅ ግን የሰው እጅ ነው።

የሱፐርማርኬት ልጆችም አትሳቁ። ዝርዝር የለም ብላችሁ ሁለት ማስቲካ የምትገፉት ነገር አለ። ማስቲካው ሳይሆን መግፋቱ ነው። መልስ ስትሰጡ እጁ ላይ ስጡት፤ እጁ ተዘርግቶ እያለ ባንኮኒው ላይ አትበትኑበት።

ስለ መጨባበጥ አንድ ነገር። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ መጨባበጥ ቀረ። ሰው ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ጀመረ። እንዴት ያምር ነበር! በሽታው ሲለዝብ እሱንም አብረን ተውነው። ለአስተናጋጅ ግን ከዚህ የተሻለ ሰላምታ አላውቅም። በሃይማኖቱ ምክንያት ተቃራኒ ጾታ የማይጨብጥ ደንበኛ አይሸማቀቅም፤ እጁን የታጠበም በድጋሚ አይታጠብም። ደንበኛው እጁን ከዘረጋ ጨብጡ፤ ካልዘረጋ ደረታችሁ ይበቃል።

ደግሞ ሥርዓት ስል ፖሊስ ሁኑ አላልኩም። ግራኝ የሆነ አስተናጋጅ ስኒውን በግራው ቢያቀብላችሁ አትገላምጡት፤ እጁ ያ ነው። መስማት የተሳነው ሰው በጣቱ ወደ እናንተ ቢጠቁም አልሰደባችሁም። በምልክት ቋንቋ መጠቆም «አንተ» ማለት ነው፣ እኛ በአፋችን እንደምንለው። እሱን የምታስተናግዱ ከሆነ አፋችሁን በእጃችሁ አትሸፍኑ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ አታውሩ።

አፋችንም ከእጃችን አይለይም። «ማሚዬ፣ አንቺ፣ ነይ እስቲ» እያሉ በሁለት እጅ መቀበል አይሆንም። «እህት» ምን አላት? ቀድሞ የሚያበላን እጅ ምርቃት ነበረው፦ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው»። ቀኑን ሙሉ ትሪ የሚሸከም እጅ ይህን ምርቃት ከማንም በላይ ይፈልገዋል።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ካፌ ተመለስኩ። ልጅቷ አለች። እጄን ከፍ አድርጌ ጠበቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቆየች። መዳፎቼ ሊጋጩ ሁለት ጊዜ ተፈታተኑኝ። በመጨረሻ አየችኝና እየሮጠች መጣች። «ይቅርታ ጋሼ፣ አላየሁዎትም።» ብሩን ዘርግቼ፣ ክንዴን ደገፍ አድርጌ ሰጠኋት። ትንሽ ግራ ገባት። ከዚያ ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ልትል አፏን ስትከፍት ከኋላችን ጧ! ጧ! አለ።

ሁለታችንም ዞር አልን።

«መጣሁ!» አለች፣ ትሪዋን እያነሳች።