ቁልፉ ካፖርት ኪስ ውስጥ ቀረ፤ ባለጉዳይ ምን አጠፋ?

ደብረ ብርሃን እያደረ ጫጫ፣ ጉዶ በረት ወይም ደብረ ሲና የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። 2:30 ቢሮ ለመግባት በጠዋት መናኸሪያ መድረስ አለበት። እዚያም ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሦስት ይጭናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እንዲህ ተጣድፎ ከቤት የወጣ ሰው አንድ ነገር ቢረሳ አይገርምም። መነጽር፣ የላፕቶፕ ቻርጀር፣ ፍላሽ፣ ባጅ፣ ሲብስም የመሳቢያ ቁልፍ ይረሳል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ኪሱ ባዶ ሆኖ ስለመጣ ቢሮው ሙሉ ሥራ የሚፈታው ለምንድን ነው?

የደጋችን ብርድም የራሱ እጅ አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ሰው ጠዋት ካፖርት ደርቦ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር ያወልቃል፣ በማግስቱ ሌላ ይለብሳል። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ለሚወርድማ ካፖርት ሸክም ነው፤ አንድ ቀን ይዞት ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይተወዋል። ቁልፉ ያለው ደግሞ እዚያው ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው።

የረሳን ሰው «ልቡ ሥራው ላይ የለም» ብሎ መዝለፍ ይቀለናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ አይንስታይንና ማክዳንኤል የተባሉ ተመራማሪዎች (የፊዚክሱ አይንስታይን አይደለም) በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አንድ ምልክት ሲያዩ የተባሉትን እንዲያደርጉ የተነገራቸው አረጋውያን ከወጣቶቹ አላነሱም። አስታዋሽ ነገር ዓይን ፊት ከመጣ ሽማግሌውም ያስታውሳል ማለት ነው። ቁልፍን ማታ ጫማ ውስጥ ከትቶ የሚተኛ ሰው አውቃለሁ፤ ጥናቱን አላነበበም፣ ግን ጫማ ሳያደርግ ከቤት እንደማይወጣ ያውቃል።

የኤቲኤም ነገርም እዚህ ይነሳል። ቀድሞ ብሩን አስቀድመው ሰጥተው ካርዱን በኋላ የሚመልሱ ማሽኖች ነበሩ። ሰው የመጣበትን ብር ከያዘ ጉዳዩ አልቋልና ካርዱን ጥሎ ይሄድ ነበር። ችግሩ የተቃለለው ደንበኛውን በመምከር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አሁን ካርድዎን ካልወሰዱ ብሩ አይወጣም። የቢሮ ቁልፍም እንደዚያ ካርድ ነው። 11:30 ሲሆን የቀኑ ሥራ አልቋል፣ መሳቢያው ተቆልፏል፣ ልብ ቀድሞ መናኸሪያ ደርሷል። ቁልፉን ለሚመለከተው ማስረከብ ከሥራው በኋላ የምትመጣ ትርፍ ነገር ስለሆነች ቁልፉ ኪስ ገብቶ ቤት ይሄዳል። ቤት የሄደ ቁልፍ ደግሞ አንድ ቀን ቤት መቅረቱ አይቀርም።

ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ለማየት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይበቃል። እኔ በተቀመጥኩበት ቀን አንዲት እናት ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን መቀነታቸው ሥር ሸጉጠው መጡ። የድጋፍ ደብዳቤያቸው ተጽፏል፣ ተፈርሟል፤ የቀረው ማህተም ብቻ ነው።

«እማማ፣ ማህተም ያዥዋ ቁልፍ ረስታ መጥታ ነው። ነገ ብቅ ይበሉ» አለቻቸው ጸሐፊዋ።

«ነገማ ልጄ፣ ለመኪና የማወጣው የለኝም። አንቺ ምቺልኝ እንግዲያ፤ እሷም አንቺም ያው የመንግሥት አይደላችሁ?»

ጸሐፊዋ መልስ አልነበራትም፤ ልትወቀስም አይገባም። ማህተሙን እንድትይዝ ማንም በጽሑፍ አልወከላትም።

«ቅርብ ነው፣ ሄዳ ታምጣው» የሚል አይጠፋም። ጫጫ ከደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሄዶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ መኪና እስኪሞላ መጠበቅ አለ። አርብ ከሆነ ደግሞ ቢሮው 5:30 ለምሳ ወጥቶ 7:30 ነው የሚመለሰው፤ የጠዋቱ ጉዳይ አለቀለት። ይህም መንገዱ ሰላም ውሎ ከሆነ ነው።

ኃላፊዎች ለዚህ ሁሉ ያላቸው መልስ ይታወቃል፤ «ማህተም አደራ ነው፣ ከእጅ እጅ አይዞርም» ይላሉ። ልክ ናቸው። በአንድ ማህተም የሰው መሬት ሊወሰድ፣ የሐሰት ማስረጃ ሊወጣ ይችላል። ዳሩ ግን ለጥንቃቄ ከሆነ፣ ብቸኛው ቁልፍ በየቀኑ በተጨናነቀ ሚኒባስ ሲመላለስ ምኑ ላይ ነው ጥንቃቄው? የባንክ ካዝና አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም፤ ቁልፉ ለሁለት ሰው ተከፍሎ ይያዛል። ወረዳም ከዚህ መማር አያቅተውም። ቁልፉ ከግቢ አይውጣ፤ ማህተም ያዥዋ ማታ በመዝገብ ፈርማ ታስረክብ፣ ጠዋት ፈርማ ትረከብ። ሁለተኛው ቁልፍ በፖስታ ታሽጎ፣ መታሸጊያው ላይ ተፈርሞበት ኃላፊው ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ የግድ ሲሆን ሁለት ሰው ባለበት ተከፍቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ተተኪዋም በደብዳቤ ትወከል። ይህን ለማድረግ ቁልፍ ማስቀረጫና አንድ መዝገብ ይበቃል፤ በጀት እስኪለቀቅ የሚያስጠብቅ ነገር የለውም።

ስለ ፍላሽ ብዙ አልልም። ሪፖርት በፍላሽ ቤት የሚሄደው ቀን መብራት ስለጠፋ ወይም አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሰው ስለሆነ ነው፤ ሠራተኛው በራሱ ሰዓት መሥራቱ ሊያስመሰግነው ሲገባ፣ ፍላሹን የረሳ ቀን ይገሠጻል። ኮፒውን ለራስ በኢሜይል መላክ ይቻላል። የባለጉዳይ መረጃ ያለበትን ፋይል ቴሌግራም ላይ መወርወር ግን፣ ሁሉም ቢያደርገውም፣ አልስማማበትም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። ቁልፍ የተረሳ ቀን በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፍ፤ «ማህተም ያዥዋ ቁልፍ ልታመጣ ሄዳለች፣ 8:00 ትደርሳለች» ይበል፤ የሚጠየቅ ሰው ስምና ስልክም ይጻፍበት። ከሩቅ የመጣው ባለጉዳይ ይጠብቅ ወይስ ይመለስ የሚለውን ቢያንስ ራሱ ይወስን።