አንበሳ አየን ብለን የምንመለሰው ምን አይተን ነው?

በበዓል ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ የዱር እንስሳት ማቆያ የሚሄድ ሰው ብሶቴን ሳልጨርሰው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የሚያንገበግበኝ የትኬት ሰልፉም፣ ግፊያውም፣ ፀሐዩም አይደለም፤ አጥሩ ጋ ከደረስን በኋላ የሚሆነው ነው። አንበሳ በቀን ውስጥ እስከ 20 ሰዓት ድረስ ማረፍ ተፈጥሮው እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ፣ አንዱ ጎልማሳ «ይሄ ሞቷል እንዴ?» እያለ ያፏጫል፤ ፉጨቱ አልሠራ ሲል ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ይወረወራል፤ እንስሳው ተሰላችቶ ራሱን ቀና ሲያደርግ ደግሞ ሊያዩት የመጡት ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሰልፊ ይነሣሉ። ዝንጀሮዎቹ ዘንድ ያለው ይብሳል፤ «መመገብ ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ቆሞ ለልጁ ኦቾሎኒ እያቀበለ «ወርውርለት» የሚል አባት ማየት ብርቅ አይደለም።

ይህን ስናገር የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ልጆች እንስሳትን እንዲወዱ ብለን እኮ ነው» ይሉኛል። መውደድ ምን ማለት እንደሆነ ግን ከበር ስንወጣ ይታያል። ባንካችንን አንበሳ፣ አውቶቡሳችንን አንበሳ፣ ትልቁን ሆስፒታላችንን ጥቁር አንበሳ ብለን የሰየምን ሕዝብ፣ በመላው አፍሪካ በዱር የቀሩት አንበሶች ከ25,000 እንደማይበልጡ እንደሚገመት ስንቶቻችን እናውቃለን? አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ባቋቋሙት የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ይኖሩ የነበሩ 15 አንበሶች ዘረመል ተመርምሮ፣ ጥናት ከተደረገባቸው ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ከደረት አልፎ እስከ ሆድ የሚወርደው ጥቁር ጋማቸው ለዓይን ጌጥ ብቻ ሳይሆን መጠበቅ የሚገባው የዘር ሀብት ምልክት ነበር። ስንቱ የከተማችን ሰው በልጅነቱ እዚያ ፎቶ ተነሥቷል፤ ይህን የሰማ ግን አላጋጠመኝም።

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ የግልገል ፎቶ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ዘመዶቻችን የአንበሳ ወይም የአቦሸማኔ ግልገል አቅፈው የተነሡትን ሲለጥፉ፣ ከሥሩ «ውይ ሲያምር! ለእኔም አንድ ላኪልኝ» የሚል አስተያየት ይዥጎደጎዳል። ቀልድ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ነገሩ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በወጣ ጥናት የቺምፓንዚ ፎቶ ለሰዎች ሲታይ፣ ሰው አጠገቡ የቆመበትን ያዩት፣ ያንኑ ፎቶ ያለ ሰው ካዩት ይልቅ፣ በዱር ያለው ቁጥሩ የተረጋጋና ጤናማ ነው ብለው የማሰብ ዕድላቸው በ35.5 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ቺምፓንዚውን ለቤት እንስሳነት የመመኘት ዝንባሌያቸውም እንዲሁ ጨምሯል። ስለዚህ የታቀፈ ግልገል ባየን ቁጥር የምንማረው «ሞልቷል፣ ይገዛል» የሚለውን ነው። የአቦሸማኔው ግልገል ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም እንጂ፣ ቢጠይቅ መልሱ ቤታችን ድረስ ያመጣዋል፤ ከሶማሌ ክልላችንና ከሶማሌላንድ ከእናታቸው ተነጥቀው በጀልባ የሚሻገሩት ግልገሎች ብዙዎቹ በመንገድ ያልቃሉ፤ በዱር የቀረው አቦሸማኔ ደግሞ በዓለም ዙሪያ 7,000 ገደማ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 አደገኛ አራዊትን በግል ቤት ማሳደግን በሕግ ከልክላለች፤ እኛ ግን ከእነዚህ ፎቶዎች ሥር የልብ ምልክት መጫን አላቆምንም።

ማቆያዎች ይዘጉ የሚል ሐሳብ የለኝም። ጭላዳን ሰሜን ተራራ፣ ቀይ ቀበሮን ባሌ ድረስ ሄዶ የማየት አቅም ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በየትኛውም አገር ማቆያ ስለማይገኝ ጠፋ ማለት ከነአካቴው ጠፋ ማለት ነው። በአጥር ውስጥ ያለው እንስሳ ስለ እነዚህ ሁሉ ማውሪያ ሊሆን ይችል ነበር፤ የሚያወራ ሰው ካለ። በለንደን ማቆያ 2,800 በሚሆኑ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ አስረጂ ይዘው ከጎበኙት 41 በመቶው፣ በራሳቸው ከጎበኙት ደግሞ 34 በመቶው ስለ እንስሳቱና ስለ መኖሪያቸው ያላቸው ዕውቀት መሻሻሉን አሳይቷል። ልዩነቱ ተአምር የሚባል ባይሆንም፣ አስረጂ ይዘውም እንኳ ከግማሽ በላዩ ዕውቀቱ ሳይሻሻል መመለሱን ሳስብ፣ በፉጨትና በኦቾሎኒ የምንመለሰው እኛ ምን ይዘን እንደምንወጣ መገመት አይከብደኝም።

የትምህርት ቤት ጉዞም ከዚህ አይሻልም። በሁለት አውቶቡስ የመጡ ልጆች በሰልፍ ገብተው በሰልፍ ይወጣሉ፤ የመምህራኑ ጭንቀት ልጅ እንዳይጠፋ መቁጠር ነው፤ አልፈርድባቸውም፣ ማንም ሌላ ሥራ አልሰጣቸውም። በእኔ በኩል ግን ወስኛለሁ፤ የሚቀጥለው የጉዞ ፈቃድ ወረቀት ከልጄ ቦርሳ ሲወጣ፣ አጥሩ ፊት ቆሞ ለልጆቹ ገለጻ የሚያደርገው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ሳይነገረኝ አልፈርምም።