ማስተካከያ፦ ጎመንና ዋርፋሪን

ባለፈው «የልብ ምቱ ተዛብቶ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ጎመን አይንካ» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይህን ያነበቡ አንዲት የየካ አባዶ ጎረቤቴ ከብሎካችን ጀርባ የተከሉትን ጎመን ከነሥሩ ሲነቅሉ አይቼ ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው የልብ ክፍል በወጉ መኮማተሩን ትቶ ሲርገበገብ ደም እዚያው ይተኛል፤ ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። አደጋው 5 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ዋርፋሪን ይህን የሚከላከለው ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬን ሥራ በማደናቀፍ ነው። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ሞልቶታል።

ችግሩ ግን መብላቱ ሳይሆን መዋዠቁ ነው። በጾም በየቀኑ ጎመን፣ ጾሙ ሲፈታ ጭራሽ እርግፍ! (እኛ ቤትም እንደዚያው ነው።) የመድኃኒቱ መጠን የሚስተካከለው በለመዱት አመጋገብ ነውና ጎመኑ ከሳምንት ሳምንት ይመሳሰል። አመጋገብ ሲቀየር ለሐኪም ነግሮ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ) መለካት ነው። የብዙዎቹ ታካሚዎች ግብ ከ2 እስከ 3 ነው።

ስለ ዋርፋሪን «አስፕሪንም ይተካዋል» ያልኩት ይሰረዝልኝ። አይተካም።

ጎረቤቴን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ታዲያ ችግኙን አንተ ግዛ!» አሉኝ። ገዛሁ።