ዓመቱ በማን አቆጣጠር ነው?

ኧረ እናንተ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ የምታወጡ ሰዎች፣ ስለ ፈጣሪ! ትናንት ማታ ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን በስልክ የተላከልንን ጥያቄ እንመልሳለን። «የውጫሌ ውል መቼ ተፈረመ?» ይላል። ምርጫው ውስጥ 1881ም አለ፣ 1889ም አለ። ዓ.ም. የለ፣ እ.ኤ.አ. የለ፣ ባዶ ቁጥር! 1881ን ነካሁ። ቀይ በራ፣ ተሳስተሃል አለኝ።

ምኑን ነው የተሳሳትኩት? ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። 1889 የፈረንጆቹ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው! ውጫሌ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ሐይቅን አልፈን ወደ ወልዲያ ስንሄድ የምናገኛት የራሳችን ከተማ ናት። ታናሽ እህቴ «ታዲያ ፈተና ላይ የቱን ልጻፍ?» ስትለኝ አንጀቴ አረረ። ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል?